የዋሌት አድራሻዬን ለሰው ብሰጥ ምን ያመጣብኛል?

ሽምብጥ_ዲዛይን

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሥራዬ ግራፊክስ ዲዛይን ነው። ሎጎ፣ የቲሸርት ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ታፔላ እሠራለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ውጭ አገር ላሉ ሰዎች መሥራት ጀምሬያለሁ። አንዱ ደንበኛዬ የዘጌን ገዳማት የግድግዳ ሥዕል አይቶ በጣም ወደደው። እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች የሚመስል ነገር ለቡና ማሸጊያዬ ሣልልኝ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። ክፍያው በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ ዲጂታል ገንዘብ) ነው ሲለኝ ስልኬ ላይ ዋሌት፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ የሚያዝበት መተግበሪያ፣ አውርጄ ከፈትኩ።

ጭቅጭቁ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። አድራሻዬን ኮፒ አድርጌ ልልክለት ስል ታላቅ ወንድሜ እጄን ያዘኝ። "አድራሻህን ካገኘ ገብቶ ያለህን ሁሉ ጠርጎ ይወስድብሃል" አለኝ። ወንድሜ ዝም ብሎ የሚያወራ ሰው አይደለም። ባጃጁን ሸጦ በዩኤስዲቲ የገባበት "ኢንቨስትመንት" በአንድ ሌሊት ድራሹ ጠፍቶበታል። ስለዚህ ቃሉን ንቄ ማለፍ አልቻልኩም። ጓደኛዬ ደግሞ በተቃራኒው "አድራሻ ማለት እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው፤ እንኳን ለአንድ ሰው፣ ቻናልህ ላይ ለጥፈው" ይለኛል። የቴሌግራም ቻናሌ ወደ 2 ሺህ ተከታይ አለው። ስሜ፣ ፎቶዬና ስልክ ቁጥሬ እዚያው ላይ ነው ያሉት።

በመጨረሻ ለደንበኛው ላክሁለት። 240 ዶላር ገባልኝ። በማግስቱ ግን ዋሌቱን ስከፍት ከክፍያው በላይ አንድ እንግዳ ነገር ተጽፎ አየሁ። እኔ ራሴ ለሆነ ሰው 0 ዩኤስዲቲ እንደላክሁ ይላል። እኔ ምንም አልላክሁም! ስልኬን ማንም አልነካውም። ደግሞ የተላከበት አድራሻ የደንበኛዬን ይመስላል፤ አጀማመሩም አጨራረሱም አንድ ነው።

ተጠልፌ ይሆን? ወንድሜ ትክክል ነበር? አድራሻዬንስ ቻናሌ ላይ ብለጥፈው ችግር አለው? የምታውቁ ሰዎች አስረዱኝ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጣና_ዳር

ወንድሜ አትጨነቅ። በአድራሻ ብቻ ማንም ሰው ገንዘብህን መውሰድ አይችልም። አድራሻ መቀበያ ነው። ዋሌቱን ስትከፍት የተሰጡህን 12ቱን ምስጢራዊ ቃላት ብቻ ለማንም እንዳትሰጥ። እኔ ቻናሌ ላይ ከለጠፍኩ ዓመት አልፎኛል፤ ምንም አልሆንኩም። አንተም ለጥፈው።

የፖሊዋ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከላይ ወንድማችን የመለሰልህ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። "ለጥፈው" ያለህ ግን እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ወንድምህን የሚያሳርፍ ነገር ልንገርህ። አድራሻ ቁልፍ አይደለም። ዋሌት ስትከፍት መጀመሪያ የሚፈጠረው ፕራይቬት ኪ የሚባለው ምስጢራዊ ቁጥር ነው። ከእሱ ሌላ ይፋ የሚሆን ቁልፍ ይወጣል። አድራሻው ከዚያ ተፈጭቶ ነው የሚገኘው። ተፈጭቶ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጤፍ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ይሆናል እንጂ ዱቄቱን ይዘህ ጤፉን መልሰህ አታገኝም። ገንዘብ ከዋሌቱ እንዲወጣ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፊርማው የሚወጣው ደግሞ ከምስጢራዊው ቁጥር ብቻ ነው። የዚያ ቁጥር ሥሩ ዋሌቱን ስትከፍት በወረቀት ጻፍ የተባልካቸው 12 ወይም 24 ቃላት ናቸው። እነሱን ፎቶ አታንሣ፣ ቴሌግራም ላይ ለራስህም ቢሆን አትላክ። በወንድምህ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። እንደዚያ ዓይነት ቦታ ላይ ሰው ተታልሎ ገንዘቡን በገዛ እጁ ነው የሚልከው። ሰብሮ የሚገባ የለም። ስለ ባጃጁ በጣም አዝኛለሁ፤ ንገርልኝ።

አሁን ወደ ባንክ ሒሳብ ቁጥሩ እንምጣ። የባንክ ቁጥርህን የያዘ ሰው ስንት ብር እንዳለህ አያይም። የዋሌት አድራሻህን የያዘ ሰው ግን ያያል። እኔ ለሰው ሳስረዳ ሙዳየ ምጽዋት ነው የምለው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቆመውን ሣጥን አስበው። ማንም መጥቶ ይከታል፤ የሚከፍተው ግን ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ነው። የእኛ ሣጥን ደግሞ ከመስተዋት የተሠራ ነው። ስንት እንዳለበት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ምን ያህል እንደገባ፣ ወዴት እንደወጣ ውጭ ቆሞ ማየት ይቻላል። አንድ መከለያ ብቻ አለው፦ ሣጥኑ ላይ የባለቤቱ ስም አልተጻፈም። ስምህና ፎቶህ ባለበት ቻናል ላይ ስትለጥፈው ስሙን የምትጽፍበት አንተው ነህ።

ካላመንከኝ አሁኑኑ ሞክረው። አድራሻህ በቲ የሚጀምር ከሆነ ትሮን በሚባለው ኔትወርክ ላይ ነው ያለው። ትሮንስካን የሚባለውን፣ የትሮንን ዝውውሮች ለሁሉም የሚያሳየውን ድረ ገጽ ከፍተህ አድራሻህን ፍለጋው ላይ ለጥፍ። ይለፍ ቃል አይጠይቅህም፣ ተመዝገብ አይልህም። የገባልህን 240 ታየዋለህ።

እኔ ፖሊ አካባቢ ላፕቶፕ የምጠግንባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ማታ ማታ ውጭ ላሉ ሰዎች ድረ ገጽ እሠራለሁ። በ2015 ዓ.ም. እንዳንተው ቻናሌ ላይ የዋሌቴን ኪዩአር ኮድ ለጠፍኩ። ያለኝ ዋሌት አንድ ብቻ ነበር። የሥራውም የሚገባው፣ የማስቀምጠውም እዚያው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነበረበት።

አንድ እሑድ ስድስት ሆነን ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ሄድን። ቀረሶ ጥብስ አዘዝን። በልተን ጨርሰን፣ ሒሳብ መጥቶ፣ ሁላችንም ለማዋጣት ኪሳችንን ስንዳብስ፣ ብዙም የማልቀርበው የጓደኛዬ ጓደኛ ስልኩን ወደኔ ዞር አድርጎ "አንቺማ ዛሬ ትጋብዢናለሽ፤ 3,140 ዶላር ከ22 ሳንቲም ተቀምጦልሽ!" አለኝ። ሳንቲሙን ሳይቀር። ስክሪኑን አየሁት። የኔ አድራሻ ነው። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔ የጨመቅኳት ሎሚ እጄ ውስጥ እንዳለች ደርቄ ቀረሁ። ባለቤቴ እንኳ ያን ቁጥር በትክክል አያውቀውም ነበር።

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ለጨዋታ ነው ያደረገው። ግን ጠረጴዛው ላይ አምስት ሰው ሰማ፤ ባሕር ዳር ደግሞ ታውቃታለህ፣ አምስት ሰው የሰማው ነገር ማምሻውን ጊዮርጊስ ጋ ይደርሳል። በዚያ ሳምንት አበድሪኝ የሚል ሰው በዛ። የለኝም ማለት አልቻልኩም፤ እንዳለኝ ያውቃሉ። ሁለት ዘመድ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ወንድ ነው። ያለኝን ገንዘብ ነገረኝ። የልጄን ትምህርት ቤት ስም ጠራ። "አስቢበት" ብሎ ዘጋው። እገታ የሚለው ቃል በየቤቱ በሚነገርበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለፖሊስ አመለከትኩ። ሲም ካርዴን ቀየርኩ። ልጄን አንድ ወር እህቴ ጋ አስቀመጥኳት። ሰውዬው ድጋሚ አልደወለም። እኔ ግን በር ሲንኳኳ እስከ አሁን እደነግጣለሁ።

ያን ሌሊት ያደረግሁትን ስህተትም ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ይሠራዋል። አዲስ ዋሌት ከፍቼ ገንዘቡን በሙሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወርኩ። ተሸሸግሁ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ትሮንስካን ላይ ሳየው አሮጌው አድራሻ ባዶ ነው፤ ከሱ ደግሞ 3,140 የሚል ቀስት በቀጥታ ወደ አዲሱ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ጣት ያሳረፈ ሰው አዲሱ በሬ ድረስ ይደርሳል። ስሜን ተሸክሜ ነው የተዛወርኩት።

ደግሞ አንድ የማይታይ ነገር አለ። ትሮን ላይ ዩኤስዲቲ ለመላክ ለማስተላለፊያ ክፍያው ትንሽ ቲአርኤክስ (የትሮን የራሱ ኮይን) ያስፈልግሃል። አዲስ ዋሌት ስትከፍት ያቺን ትንሽ ቲአርኤክስ ከአሮጌው ከላክህ፣ ያቺው ብቻ ሁለቱን ታገናኛቸዋለች። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ የተያዝኩት በዚህ ነው። ሦስተኛ ዋሌት ከፈትኩ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ለሰው የምሰጠው አድራሻ የሥራ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ብዙ ገንዘብ አይቆይም። ሲጠራቀም በስሜ ወደተመዘገበው የኤክስቼንጅ (ዲጂታል ገንዘብ የሚያገበያይ ድርጅት) አካውንቴ እልከዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ቁጠባው ዋሌት ይወጣል። ኤክስቼንጁ ማን እንደሆንኩ ያውቃል፣ መታወቂያዬን ሰጥቻለሁ፤ የምደብቀው ነገር የለኝም። ከውጭ የሚያይ ሰው ግን ገንዘቡ ወደ ኤክስቼንጁ ሲገባ ያያል እንጂ ከዚያ በኋላ ከብዙ ሺህ ሰው ገንዘብ ጋር ይቀላቀልበታል። የቁጠባውን አድራሻ ለነፍስ አልሰጠሁም። የትም አልተለጠፈም።

ስለ 0 ዝውውሩ የሚያውቅ ሰው ይጻፍልህ፤ እኔ አልደረሰብኝም።

ዓባይ_ማዶ

ስለ 0ው እኔ ልመልስ፤ ደርሶብኛልና።

አልተጠለፍክም። ግን ወጥመድ ተዘርግቶልሃል። የዩኤስዲቲ ኮንትራት፣ ማለትም ዝውውሩን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ "ከሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ላንቀሳቅስ" የሚል ትዕዛዝ አለው። ባለቤቱ ቀድሞ ይህን ያህል ብሎ መፍቀድ አለበት። ምንም ያልፈቀድክለት ሰው የተፈቀደለት መጠን ዜሮ ነው። ዜሮ ለማንቀሳቀስ ደግሞ ዜሮ ይበቃዋል! ስለዚህ ያንተ ፊርማ ሳያስፈልግ በስምህ "0 ላከ" ተብሎ ይመዘገባል። ከገንዘብህ ላይ ምንም አልተነካም።

ዓላማው ታሪክህ ውስጥ ያን አስመሳይ አድራሻ መትከል ነው። ዋሌታችን አድራሻውን በሙሉ አያሳይም፤ ፊቱንና ኋላውን አሳይቶ መሃሉን በነጥብ ይዘለዋል። እነሱም ፊቱና ኋላው ከደንበኛህ ጋር የሚገጥም አድራሻ በኮምፒውተር እየሞከሩ ያወጣሉ። የትሮን አድራሻ ከ58 ፊደላትና ቁጥሮች ነው የሚሠራው። የመጨረሻዎቹ አራቱ ብቻ እንዲገጥሙ ወደ 11 ሚሊዮን ግድም ሙከራ ነው። ላንተና ለኔ ብዙ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ቀላል ነው። አንድ ቀን ለደንበኛህ ገንዘብ መመለስ ቢኖርብህ፣ ከታሪክህ ላይ የመጀመሪያውን ኮፒ አድርገህ ትልካለህ። የምትልከው ግን ለሌባው ነው።

እኔ ወንድሜ ናይሮቢ ይማራል። በየወሩ እልክለታለሁ። ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ከዓባይ ድልድይ ወደ ከተማ እየገባሁ ነበር። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። አፉንና ጭራውን አየሁ፣ የሱ ነው ብዬ ከታሪኩ ላይ ኮፒ አደረግሁ። 150 ዶላር። ወንድሜ "አልገባም" ሲለኝ መዘግየት መስሎኝ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ከዚያ ወርጄ መንገድ ዳር ዘንባባው ሥር ቆሜ ሁለቱን አድራሻ ፊደል በፊደል አስተያየሁ። አምስተኛው ፊደል ላይ ተለያዩ። ያ የሱ የሁለት ወር የቤት ኪራይ መዋጮ ነበር። ተበድሬ ተካሁለት።

እኔ ብቻ አይደለሁም። በሜይ 2024 አንድ ሰው ኢተሪየም በሚባለው ሌላ ኔትወርክ ላይ በዚሁ ዘዴ 1,155 የተጠቀለለ ቢትኮይን (ዋጋው ከቢትኮይን ጋር እኩል የሚሄድ ኮይን) ልኳል። በወቅቱ ዋጋ 68 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ለሱ በኋላ አብዛኛው ተመለሰለት። ለኔ ማንም አልመለሰልኝም።

ከታሪክ ላይ ኮፒ ማድረግ ተው። የምትልክለትን ሰው አድራሻ ዋሌትህ ውስጥ በስሙ መዝግበህ ያዝ። ሳትልክ በፊት መሃሉንም አንብብ። ኮፒ ስታደርግ አድራሻውን በሌላ የሚቀይር ቫይረስም አለ፤ ከለጠፍክ በኋላ ድጋሚ ተመልከት። ያልጠበቅኸው ኮይን ከገባልህ፣ በተለይ ስሙ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ካለበት፣ እንዳትነካው። ሊንኩን ተከትለህ "አፕሩቭ" (ፈቅጃለሁ) ካልክ፣ ያኔ ነው ከላይ ያልኩትን ፈቃድ በእጅህ የምትሰጣቸው።

ሽምብጥ_ዲዛይን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ነው ያነበብነው። እህቴ የፖሊዋ፣ የደረሰብሽን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። እንኳን ልጅሽ ደህና ሆነች።

ያልሽኝን አደረግሁ። ትሮንስካን ላይ ገባሁ። 240ው አለ፤ ደቂቃው ሳይቀር። አስመሳዩን ደግሞ ከደንበኛዬ ጋር አስተያየሁት። አፉ አራት ፊደል፣ ጭራው አምስት ፊደል ይገጥማል፤ መሃሉ ሌላ ነው።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አደረግሁና አሁን ጥሩ ስሜት አልተሰማኝም። የደንበኛዬን አድራሻ ነካሁት። ያለውን ሁሉ አየሁ። በዚያው ቀን ለሌሎች አራት ሰዎች እንደከፈለ አየሁ። አንዱ 900 ነው። ያ ሰው ምን እንደሠራለት አላውቅም። የኔ ሦስት ሳምንት 240 ነው። ይህን ማየቴ ልክ ነው? እሱስ የኔን እንዲህ ያያል ማለት ነው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ከራሴ ዋሌት ይልቅ የኤክስቼንጅ መቀበያ አድራሻ ብሰጠው አይሻልም?

የፖሊዋ

አሜን፣ ደህና ናት።

አዎ፣ ያያል። አንተ ያየኸውን ሁሉ እሱም ያንተን ያያል። ነገ ለሌላ ሰው በ60 ዶላር ሎጎ ብትሠራና በዚሁ አድራሻ ብትቀበል፣ ይሄኛው ደንበኛህ በሚቀጥለው ሥራ 240 ስትለው 60ውን አይቶ ነው የሚመልስልህ። እኔ እንደዚህ ተብያለሁ። "ባለፈው ሳምንት በግማሽ ተቀብለሻል" አለኝ አንዱ፤ ያኛው ሥራ የአንዲት ገጽ ማስተካከያ እንደነበር በምን ይወቅ? የገባው ቁጥር እንጂ የፈሰሰው ላብ አይታየውም። ያንተም 900 እንደዚያው ነው። ሰውዬው ምን እንደሠራ ስለማታውቅ አትብከንከንበት። ማየትህ ኃጢአት አይመስለኝም፤ ለሌላ ሰው አትንገር እንጂ። ዓሣ ቤት የተደረገብኝን አስታውስ።

ለዚህ መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ አድራሻ መስጠት ነው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሳቶሺ ናካሞቶ በ2008 በጻፈው የቢትኮይን ሰነድ ላይ ለእያንዳንዱ ዝውውር አዲስ የቁልፍ ጥንድ ተጠቀሙ፣ የአንድ ሰው መሆናቸው እንዳይታወቅ ይላል። የቢትኮይን ዋሌቶች ብዙዎቹ ገንዘብ በተቀበልክ ቁጥር በራሳቸው አዲስ አድራሻ ያወጡልሃል፤ አሮጌውም መሥራቱን አያቆምም። ትሮንና ኢተሪየም ላይ ግን ራስህ "አዲስ አካውንት" ብለህ መክፈት አለብህ። በነዚያው 12 ቃላት ሥር ብዙ መክፈት ትችላለህ። እርስ በርሳቸው እስካልተላላኩ ድረስ ከውጭ ያለ ሰው የአንድ ሰው መሆናቸውን አያውቅም። ያቺን የቲአርኤክስ ነገር ግን አትርሳት።

ቢትኮይን ከያዝክ ደግሞ ኤክስፐብ የሚባል ረጅም ኮድ ለማንም አትላክ። ገንዘብ አያስወስድም፤ ግን ያሉህንም ወደፊት የምታወጣቸውንም አድራሻዎች አንድ ላይ ያሳያል።

ቻናልህን በተመለከተ አቋሜን በግልጽ ልንገርህ፦ አትለጥፍ። ሥራ የሚፈልግ ሰው በግል ይጻፍልህ፣ በግል ስጠው። ጣና_ዳርም ወንድሜ፣ አንተንም እለምንሃለሁ። ዓመት ሙሉ ምንም አልሆንኩም ብለሃል፤ እኔም እስከዚያች እሑድ ምንም አልሆንኩም ነበር። አሁን ብታወርደው እንኳ ስክሪንሾት ያነሳ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ያለህን ከዚያ አድራሻ አንቀሳቅስ። በቀጥታ አይሁን።

ስለ ኤክስቼንጁ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስ።

ዘንባባ_ጥላ

የኤክስቼንጅ መቀበያ አድራሻ ስንት እንዳለህ በመደበቅ በኩል ጥሩ ነው። የገባው ገንዘብ ተሰብስቦ ወደ ኤክስቼንጁ ትልቅ ዋሌት ይሄዳል። ወደዚያች አድራሻ ስንት እንደገባ ይታያል እንጂ አካውንትህ ላይ ያለው አይታይም።

ጉዳቱ ቁልፉ ያንተ አለመሆኑ ነው። ገንዘቡ የመጣው ተጠርጥሮ ከተመዘገበ አድራሻ ከሆነ አካውንትህን ሊያግዱብህ ይችላሉ። ከማን እንደተቀበልክ፣ ለምን እንደተከፈለህ የሚያሳይ ጽሑፍ ያዝ፤ ከደንበኛው ጋር የተጻጻፍከውን አትሰርዝ። ዩኤስዲቲን ራሱን የሚያወጣው ቴተርም አንድን አድራሻ ማገድ ይችላል።

ስትሰጥ ኔትወርኩን አብረህ ጻፍለት። ቲአርሲ20 (የትሮኑ ዩኤስዲቲ) ከሆነ ቲአርሲ20 በለው። የኢተሪየምና የቢኤንቢ ሰንሰለት አድራሻዎች መልካቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤክስቼንጅ ላይ በቶን ወይም በኤክስአርፒ ኔትወርክ የምትቀበል ከሆነ ሜሞ ወይም ታግ የሚባል ቁጥር አለ። ያለሱ ከተላከ የማን እንደሆነ አይለይም፤ ለማስመለስ ብዙ ደጅ ትጠናለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ለቢትኮይንና ለመሰሎቹ እውቅና እንዳልሰጠ፣ አገር ውስጥ የሚደረግ ክፍያም በብር መሆን እንዳለበት አሳውቋል። አድራሻህን ከስምህ ጋር ስትለጥፍ የምታስቀምጠው መዝገብ አይፋቅም። ከመለጠፍህ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክር።

ሽምብጥ_ዲዛይን

አልለጥፍም። ተውኩት። ለዚህ ደንበኛ አንድ፣ ለሚቀጥለው ሌላ አካውንት ከፍቻለሁ። ቲአርኤክሱን ከኤክስቼንጅ አስገባሁ። አዲሱን አድራሻ መጀመሪያ ለወንድሜ ላክሁለትና በሱ ስልክ ላይ የደረሰውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ እኔ በኔ ላይ እያየሁ ተከተልኩት። 34ቱንም ፊደል፣ አንድ በአንድ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ነው ያነበብነው።

ሲጨርስ ዝም አለ። ከዚያ "ያኔ እኔ የላክሁበትም አድራሻ እንዲህ ይታያል?" አለኝ። የባጃጁን ማለቱ ነው። ቴሌግራሙን ወደ ላይ እየጎተተ ፈልጎ አገኘው። ትሮንስካን ላይ ለጠፍነው። የሱ ብር አለ። በዚያች ቀን ብቻ ብዙ ሰው ልኳል፤ ገጹ ወደ ታች አያልቅም። ከዚያ ሁለት ቦታ አልፎ የኤክስቼንጅ ስም የተጻፈበት አድራሻ ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ይቆማል።

ይህ ለፖሊስ ይጠቅማል?

የፖሊዋ

ይጠቅማል። ገንዘቡ መመለሱን ቃል አልገባልህም። ግን ኤክስቼንጁ አካውንቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅበት መዝገብ ሊኖረው ይችላል፤ በሕግ ከተጠየቀ ያን ያወጣል። ወንድምህ የላከበትን የትራንዛክሽን መለያ ቁጥር፣ ቀኑን፣ መጠኑን፣ በመሃል ያሉትን አድራሻዎች በሙሉ በወረቀት ጻፉ። የቴሌግራሙን ንግግር ስክሪንሾት አንሱ፤ ሰዎቹ ሊሰርዙት ስለሚችሉ ዛሬ ማታውኑ አንሱት። አትሙትና ለፖሊስ ይዛችሁ ሂዱ። ለኤክስቼንጁም የድጋፍ ክፍል ጻፉ።

ይህን እዚህ ከጻፍክ በኋላ "ገንዘባችሁን እናስመልስላችኋለን፣ ትንሽ ክፈሉ" የሚል ሰው በግል ይጽፍልሃል። እንዳትመልስለት። ለወንድምህም አሁኑኑ ንገረው።

ለማተም ካስቸገራችሁ ጠዋት ቤቴ ኑ፤ ፖሊ በር ጋ ስትደርሱ ጻፉልኝ። ማተሚያ አለኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም።